«ካራ! ካራ!» ወይም ወጨጫ ላይ የጠፋሁባት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ቂርቆስ

ሰዎች፣ የቂርቆስ ልጅ አይጠፋም። ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ይቸግራችኋል።

ለማታውቁኝ፣ ቢኒ ነኝ። ከስታዲየም ካዛንቺስ በሚሰራ ሚኒባስ ላይ ረዳት። ስጣራ ድምፄ ላንቻ ድረስ ይሰማል። ታክሲያችን ሞተሯ ታሞ ጋራዥ ስለገባች ሳምንቱን እረፍት ላይ ነኝ። ሌላው ቢሆን ይተኛል፣ እኔ ግን ተራራ ልወጣ ነው።

ምክንያቱ ሄለን ናት። ሁለት ዓመት አብረን ነን፣ በቃ ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። አባቷ ጋሽ መኮንን ግን፣ «ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው። አንድ ቀን አብሬው ልሂድና ጉዳዩን አየዋለሁ» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሰሩ ጡረተኛ ናቸው፣ እሳቸው ጋ ሁሉ ነገር «ጉዳይ» ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «ወጨጫ ተራራን እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው» አልኳቸው። ወጨጫን ያየሁት በታክሲ መስኮት ነው።

12፡40፣ ካዛንቺስ

እሳቸውንና ሄለንን ልወስድ ሄድኩ። የምታጠፍበት ሱቅ ፈርሷል። ከሱቁ ቀጥሎ የነበረው አጥርም የለም። ሰፊ አስፋልትና አበባ ብቻ! ሩብ ሰዓት ዞርኩ።

«የት ነህ?» አለች ሄለን በስልክ።

«ደርሻለሁ፣ አየር እየወሰድኩ ነው።»

ጋሽ መኮንን ዣንጥላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ቤቱ ጠፋህ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፋይል ሲከፈት ድምፅ የለውም።

3 ሰዓት፣ ሰበታ

ትኩስ ፍርፍር በልተን ባጃጅ ያዝን። ልጁ ተራራው ስር ሲያወርደን፣ «መንገድ የሚያሳያችሁ ሰው አትፈልጉም?» አለ።

«የሚያሳየው እኔ ነኝ። ኦሮምኛም አቀላጥፋለሁ» አልኩ።

በኦሮምኛ ረጅም ነገር ነገረኝ። «አካም!» አልኩት፣ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። ሳቀ።

«ምን አለህ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«መልካም ጉዞ ነው፣ ጋሼ።»

ሄለን ክርኔን ቆነጠጠችኝ። «ቀስ በል፣ ቢኒ።» ምን ቀስ እላለሁ!

5 ሰዓት፣ ጫካው ውስጥ

ጽድ፣ ዝግባ፣ ቅዝቃዜ፣ የወፍ ጩኸት። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። «ግራ!» አልኩ።

«ለምን ግራ?»

«ልምድ ነው፣ ጋሼ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ መንገዱ ቀጠነ፣ የፍየል መንገድ ሆነ፣ ከዛ ፍየሏም የተወችው ሆነ። እኔ እያፏጨሁ ከፊት እመራለሁ። ድንገት ከላይ፣ መጥረቢያ የተሸከመ ትልቅ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ወደ እኛ መጣ። «ካራ! ካራ!»

አሁን ፍረዱኝ። እኔ የማውቀው ሁለት ካራ ነው። አንዱ በኮተቤ የሚኬድበት ካራ ሰፈር፣ ጠዋት ጠዋት ረዳት የሚጠራው። እዚህ ጫካ ውስጥ ታክሲ የለም። ስለዚህ የቀረው ሁለተኛው ነው፣ የሚያርደው!

ሮጥኩ። ማለቴ፣ መንገድ ልከፍትላቸው ቀደምኩ።

7 ሰዓት፣ የት እንደሆነ እንጃ

ዞር ስል ማንም የለም። ሄለን የለች፣ ጋሼ የሉ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ከታች፣ በሩቁ የሲኖትራክ ጥሩምባ ይሰማኛል። ቁልቁል ብወርድ አስፋልቱን አላጣውም ነበር።

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ሰውዬው ጋ ጥያቸው መጥቻለሁ። ቂርቆስ ገብቼ ምን ልል ነው? ሄለን ባትኖር ሰፈር ራሱ ምን ያደርግልኛል?

ዱላ አነሳሁና ሽቅብ ተመለስኩ። ግን በየት ነበር የመጣሁት? ዛፍ ታርጋ የለውም፣ ሁሉም አንድ ነው። ሶስት ጊዜ ዞሬ አንዱ ጉቶ ጋ መጣሁ። ሲቸግረኝ የማውቀውን አንድ ሙያ አወጣሁት። አፌን በእጄ ከብቤ፣

«ካዛንቺስ! ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ! የሁለት ሰው ቦታ!»

ደገምኩት። ጉሮሮዬ እስኪደማ ጠራሁ።

ከቀኝ በኩል፣ ከዛፎቹ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ወራጅ አለ!»

ዱላዬን ይዤ ስወረወር፣ ሶስቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ። መጥረቢያው መሬት ላይ ተጋድሟል። ሄለን እየሳቀች ታለቅሳለች፣ ወይ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ቁጭ በል» አሉ ጋሽ መኮንን። «ኦቦ ደገፋ ይባላሉ። ካራ በኦሮምኛ መንገድ ነው። መንገዱ በዚህ ነው፣ ወዲያ ገደል አለ ነው ያሉህ።»

«እርስዎ… ኦሮምኛ ይችላሉ?»

«አሰላ አስራ አንድ ዓመት ሰርቻለሁ። አንተ አቀላጥፋለሁ ስላልክ ነው ዝም ያልኩት።»

ኦቦ ደገፋ እፍኝ ሙሉ ቆሎ ሰጡኝ። ዱላዬን ጥዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

10፡30፣ ካዛንቺስ

ኦቦ ደገፋ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኙን። ከሰበታ እስከ ከተማ ትንፍሽ አላልኩም፣ ሄለን ግንባሬን ነካ አድርጋ ትኩሳት ለካች። በር ላይ ስንደርስ ጋሽ መኮንን ዣንጥላቸውን አጠፉ።

«መሸሽህን አይቻለሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። «አዎ፣ ጋሼ። መንገዱንም አላውቀውም ነበር።»

«እሱማ ጠዋት እዚህ ጋ ስትዞር ነው የገባኝ። አራጅ የመሰለህ ሰውዬ ጋ በዱላ መመለስህንም አይቻለሁ። ሁለቱም ተመዝግቧል።» በሩን ከፈቱ። «ጉዳይህ ታይቷል። ሽማግሌ ላክ።»

ልጮህ አፌን ስከፍት ጣታቸውን አነሱ።

«ቤቱን ግን አንተ እንዳታሳያቸው።»