ማ ሱኖክ እጇን ያወጣች ቀን

ማ ሱኖክን ያወቅኳት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ስለተቀመጥን ነው። ክፍሉ ጂንጁ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ከደረጃው ሥር ያለው የኮንትራት መምህራን ማረፊያ ነው። እኔ የድሮ የቻይና ጽሑፍ አስተምራለሁ፣ እሷ የአፈር ሳይንስ። ሁለታችንም ባለዶክትሬት ሴቶች ነን፤ ሁለታችንም ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር ቋሚዎቹን ፕሮፌሰሮች ደጅ እንጠናለን። እኔ በዚህ ነገር ስቃጠል እሷ ትስቃለች። ለዓመታት ስታናድደኝ የኖረችውም በዚሁ ሳቋ ነው።

ሱኖክ ለቋሚ መምህርነት ሦስት ጊዜ ተወዳድራ ሦስቴም ወድቃለች። መጀመሪያ ነፍሰ ጡር ነበረችና አልሆነም። ቀጥሎ ልጆቿ ትንንሾች ናቸው ተባለ። በሦስተኛው ልጆቹ አደጉ፤ አሁን ደግሞ ዕድሜዋ ገፋ አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን አፈሩንም ዩኒቨርሲቲውንም ረግሞ ይሄድ ነበር። እሷ የቅዳሜውን ስብሰባ ጀመረች።

ስብሰባው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዶክትሬታቸውን የሚሠሩ ሴቶች ባዶ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። አንዷ ኪምባፕ የሚባለውን የሩዝ ጥቅል ሠርታ ትመጣለች፣ ሌላዋ የገብስ ሻይ። ከዚያ ተራ የደረሳት ለሥራ የምትወዳደር ሆና ፊት ትቆምና ትምህርት ትሰጣለች። የቀሩት ፈታኝ ፕሮፌሰሮች ይሆናሉ። በተለይ ሶልቢ የምትባል ቀልደኛ ልጅ አለች፤ የባሏን ከረባት አስራ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና ፕሮፌሰር ስትሆን እውነተኞቹ ፕሮፌሰሮች እንኳ እንደዚያ አያምርባቸውም።

ታክ ሄሪም የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል። ዝምተኛ ናት፤ የአራት ዓመት ልጅ አላት፤ የሩዝ ማሳ አፈር ነው የምታጠናው። ፊት ቆማ እጆቿን አጣምራ ጀመረች።

"ገና ብዙ የሚጎድለኝ ሆኜ ሳለ፣ እናንተ ፊት በመቆሜ ይቅርታ እየጠየቅኩ..."

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ሱኖክ። "ምንድን ነው የሚጎድልሽ?"

"አቤት፣ እትዬ?"

"የሚጎድልሽን ንገሪን እንጂ። እዚሁ አዋጥተን እንሞላልሻለን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሄሪም ግን አልሳቀችም። አገሩ ሁሉ ንግግሩን የሚጀምረው በዚያ ይቅርታ ነው፤ እሷም ሌላ አጀማመር አታውቅም። ሱኖክ ይቅርታውን ከአፏ እስክታወጣላት ወራት ፈጀ።

ሶልቢ ደግሞ ከረባቷን እያስተካከለች "ለመሆኑ ልጅሽን ማን ሊይዝልሽ ነው?" ትላታለች።

"እናቴ አለች፣ እናቴ ካልቻለች የባሌ እህት፣ እሷ ካልተመቻት ደግሞ..."

"የቤተ ዘመድ ጉባኤ አልጠራንም!" ትላለች ሱኖክ። "'የሚይዛት አለ' በይና ወደ አፈርሽ ተመለሺ።"

እንዲህ እያለ ሄሪም ተመረቀች፤ ያንኑ ዓመት በአፈር ትምህርት አንድ ቋሚ ቦታ ወጣ። በዚያ ትምህርት ቋሚ ቦታ የሚወጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው፤ ይህ ካመለጣት ሄሪም እንደ እኛ ከደረጃው ሥር ነው የምትገባው። ሌላም ነገር ነበር። ቋሚ ሰው ሲቀጠር በኮንትራት ይሰጡ የነበሩት ክፍሎች ለእሱ ይሰጣሉ። የአፈር ክፍሎቹን የምታስተምረው ሱኖክ ናት። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሄሪም ብቻ፣ ራሷ ተጨንቃ ስለነበር፣ አላሰበችውም።

እኔ መታገስ አቃተኝ። "አንቺ ሴት፣ በገዛ እጅሽ መቃብርሽን እየቆፈርሽ እኮ ነው!" አልኳት።

"የአፈር አስተማሪ አይደለሁ እንዴ? መቆፈር እኔን ነው የሚከብደኝ?"

"ቀልድ አቁሚ።"

"ማንም ቢገባ እኔ መውጣቴ አይቀርም" አለች። "ከወጣሁ ደግሞ የገባውን ሰው ልምረጥ።"

ተነስቼ ወጣሁ።

ከውድድሩ በፊት አንድ ነገር ተፈጠረ። ሱኖክ ስሟ የሚታወቀው ወጣት ሳለች በጻፈችው አንድ ጥናት ነው። የሩዝ ገለባ በጸደይ፣ ማሳው ውሃ ሊሞላ ሲል፣ አፈር ውስጥ ይቀበር ትላለች። የዚህ አካባቢ ገበሬዎች እስካሁን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ሄሪም ግን ለዓመታት ጭቃ ውስጥ ቆማ ለክታ ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ገለባው መቀበር ያለበት በመኸር፣ አዝመራው እንደተነሳ ወዲያው ነው። ይህን ከመመረቂያ ጽሑፏ መጨረሻ፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ ወሽቃዋለች። ሱኖክ ደረሰችበት።

"ይሄን ከፊት አድርጊው" አለቻት። "ሥራሽ ማለት ይሄ ነው።"

"እትዬ፣ እርስዎ ተቀምጠው እየሰሙ እንዴት ብዬ..."

"ከፊት አልኩሽ።"

"እሺ።"

ሱኖክ ቅር አላላትም ብል ዋሸሁ። ያን ቅዳሜ ኪምባፗን ሳትነካው ነው ጠቅልላ ወደ ቤቷ የሄደችው።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ፈታኞቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ፕሮፌሰር ናምጉንግ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የሄሪምም አማካሪ የነበረው። እኔና ሱኖክ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥን። የኮንትራት መምህር እዚያ መጥቶ መስማት ይችላል፤ አይናገርም። የምንኖረው ከፊት የተቀመጡት ሰዎች በሚፈርሙልን ኮንትራት ነው፤ በገዛ ጉሮሮው ላይ የሚቆም የለም።

ሄሪም ቀጥ ብላ ቆመች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ "የዛሬው ትምህርቴ ስለ ሩዝ ማሳ አፈር ነው" ብላ ጀመረች። ሱኖክ በደስታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ትምህርቱም ጥሩ እየሄደ ሳለ ስለ ገለባው የሚያሳየው ምስል ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ሄሪም ቀና ስትል ከኋላ ከሱኖክ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የምስል ማሳለፊያውን ቁልፍ ሁለቴ ተጫነች። ምስሉ አለፈ።

"ዘለለችው" አለች ሱኖክ። "የማትረባ ልጅ፣ ዘለለችው እኮ!"

ታላቅን በሰው ፊት አለማሳፈር፤ ከሕፃንነታችን የሰማነው ይኸው ነው። ሄሪምም ለአክብሮት ብላ ከሥራዋ ሁሉ ምርጡን ጣለችው።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ሥራው ንጹህ ነው" አለ። "አዲሱ ነገር የቱ ጋ እንዳለ ግን አልታየኝም።"

ናምጉንግም ፈገግ ብሎ "ጠንቃቃ ተማሪ ናት፤ ጨዋ ልጅ" አለ። ለቋሚ መምህርነት የሚወዳደር ሰው ተማሪ ናት፣ ልጅ ናት ከተባለ አበቃለት። ሄሪምም አንገቷን ደፍታ "ገና ብዙ የሚጎድለኝ..." ማለት ጀመረች። ለካ ያ ነገር ከአፏ ወጣ እንጂ ከሆዷ አልወጣም ነበር። እኔ ተስፋ ቆርጬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሱኖክ እጇን አወጣች።

ቀሚሷን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። እጄን መታችው።

ናምጉንግ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አያት። "መምህርት ማ? የሚሉት ነገር አለ?"

"አለኝ" ብላ ተነሳች። "ዶክተር ታክ፣ በመመረቂያ ጽሑፍዎ መጨረሻ ላይ፣ ማ ሱኖክ የተባለች ሰው ስለ ገለባ የጻፈችው ስህተት ነው ብለዋል። ዛሬ ግን አላነሱትም። ማስረጃዎ አያስተማምንም? ወይስ ፈርተው ነው?"

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሄሪም ወደ ሱኖክ ቀና አለች።

"መምህርት፣ እኔ..."

"ጥያቄዬ አጭር ነው። ተሳስታለች ወይስ አልተሳሳተችም?"

"ተሳስታለች" አለች ሄሪም ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"ከዚህ አይሰማም፤ ዕድሜ ነው።"

"ተሳስታለች!"

ከዚያ ወዲያ ሄሪምን የሚያቆማት አልነበረም። ወደ ዘለለችው ምስል ተመለሰች። በጸደይ የተቀበረ ገለባ ውሃው ሲገባበት ገና መበስበሱ ነው፣ የሩዙን ሥር ያፍነዋል፣ አለች። መምህርት ማ የለኩት በድርቅ ዓመት፣ ከፍ ባለ ማሳ ላይ ብቻ ነው፣ ወንዙ ዳር ያለውን ዝቅተኛ መሬት አላዩትም፣ አለች። ሱኖክ ይህ ሁሉ ሲነገር እንደቆመች ናት። በአንድ ነጥብ ተከራከረቻት፤ ሄሪም በቁጥር መለሰችላት። በሌላ ነጥብ ሞከረች፤ ያንንም መለሰችላት። አዲስ ነገር አልታየኝም ያለው ሰውዬ ብዕሩን አውጥቶ መጻፍ ይዟል። መጨረሻ ላይ ናምጉንግ፣ ወሬውን ለማስቀየስ ይመስለኛል፣ ልጅሽን ማን ያይልሻል አላት።

"የሚያያት አለ" አለች ሄሪም። "ወደ አፈሩ ልመለስ።"

ሱኖክ ያን ጊዜ ተቀመጠች። በሕይወቷ አንድ ጥናት ነበራት፤ እሱንም በአደባባይ አስፈረሰችው። "አየሻት?" አለችኝ። አየኋት።

ሄሪም ተቀጠረች። የአፈር ክፍሎቹም ለእሷ ተሰጡ። ነገሩ የገባት የሱኖክ ስም ከቀጣዩ ፕሮግራም ላይ ሲጠፋ ነው፤ እያለቀሰች ከደረጃው ሥር ወደ ክፍላችን መጣች።

"እትዬ፣ አላሰብኩትም፣ እውነቴን ነው። አንዷን ክፍል ይተዉልዎት ዘንድ እለምናቸዋለሁ።"

"ሥራ በጀመርሽ ማግሥት ልመና? ተይ፣ አይሆንም። እኔን ማስደሰት ከፈለግሽ የቅዳሜዎቹን ልጆች እንዳትተያቸው።"

ያለቀስነው እኔና ሄሪም ነን። ሱኖክ ጠረጴዛዋን እየወለወለች ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲውን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ የምልም አይመስለኝም።

ጸደይ ገባ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ለስብሰባው ስንመጣ፣ ከሱኖክ ጋር የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተገናኘን። መግቢያ ካርዷን መልሳለችና በሩ አይከፈትላትም። በእኔ ካርድ ላስገባት ብል እምቢ አለች፤ እንደማንኛውም እንግዳ ወደ ዘበኛው መስኮት ሄደች። ዘበኛው አዲስ ልጅ ነው፣ አያውቃትም።

"ማንን ልጥራልዎት፣ እማማ?"

"ፕሮፌሰር ታክ ሄሪምን" አለች።

ልጁ ሰምቷታል፤ ስልኩንም አንስቷል። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ ከኋላ ተሰልፈን የቆምነው ሁሉ እንድንሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደገና አለችው።

"ፕሮፌሰር ታክ ሄሪምን።"