ወደ ላይ ያልተለካው መንገድ

ችግሩ ሲታይ ቀላል ነበር። በበረሃው ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ የቆመው የእንጨት ሰሌዳ «የፀሐይ መጥለቂያ ማያ ዓለት፦ በእግር 40 ደቂቃ» ይላል። ጎብኚዎች ሰሌዳውን አምነው ይወጣሉ፤ ዓለቱ ላይ የሚደርሱት ግን ፀሐይዋ ከገባች፣ ጨለማውም ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባለፈው ወር ሁለት አሮጊት እህትማማቾች መንገድ ጠፍቷቸው አሸዋ ላይ አደሩ። ጽሕፈት ቤቱም አፋጣኝ እርምጃ ወሰደ፤ እንጨቱ በብረት እንዲተካ አዘዘ። ቁጥሩ ያው ነው፤ አሁን ግን በማይለቅ መንገድ ይቀረጻል።

የሚቀርጸው ሃያ ዓመት ሙሉ የፓርኩን ሰሌዳዎች የጻፈው ሰው ነው። «ገደሉ አፋፍ ላይ አትቁሙ» የሚለውንም የጻፈው እሱ ነው፤ አፋፉን ግን አይቶት አያውቅም። አሮጊቶቹ ካደሩ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ብረት ላይ የገባ ቁጥር አይፋቅም። ቀጥሎ የሚጠፋው ሰው ውሃ ባይዝስ?

«እስቲ ሄጄ ልለካው» አላት ሚስቱን።

«አንተ? ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ የምታርፈው ሰውዬ?»

«ለዚህ እኮ ነው። ጎብኚውም እንደኔው ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማድነቅ ይገባል! ለመንገድ መለኪያ የሚሆነው ጎበዙ ሳይሆን የሚደክመው ነው፤ ይህን ደግሞ ያገኘው ያለ አንዳች ኮሚቴ ነው።

ሐሙስ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎብኚዎች በሚነሱበት ሰዓት፣ ብቻውን ተነሳ። ውሃ፣ ባትሪ፣ ሰዓትና ጠመኔ ይዟል። አሠራሩ ደስ ይላል፦ በየአሥር ደቂቃው ቆሞ አጠገቡ ያገኘው ድንጋይ ላይ ቁጥር ይጽፋል። «1» እና «2» በኩራት ተጻፉ። ከ«3» በኋላ ደረቁ ወንዝ መጣ፤ አሸዋው ከእያንዳንዱ እርምጃ ግማሹን እየቀማ ያስቀራል። «4»ን ሲጽፍ፣ በሰሌዳው ሂሳብ ዓለቱ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ሰዓት ነበር። ዓለቱ ግን ሰላምታ እንደማይሰጥ ባለሥልጣን ከሩቅ ቆሟል። «9»ን የጻፈው በባትሪ ብርሃን፣ ዓለቱ ራሱ ላይ ነው። ዘጠና ደቂቃ! ፀሐይዋም አልጠበቀችውም።

ሲመለስ ቁጥሮቹን እያሳደደ ወረደ። «6» ጠፋበት። ባትሪውን እያዞረ ቆመ፤ ድንጋዩ ሁሉ አንድ መልክ ሆነበት፤ አሮጊቶቹ ምን እንደተሰማቸው ያን ጊዜ ገባው። ቁጥሯን ሲያገኛት ድንጋዩን ሊስመው ምንም አልቀረው።

በሩ ግን ተቆልፏል።

«ማነው?» አለ ዘበኛው።

«ሰሌዳ ጻፊው ነኝ፣ ክፈት!»

«ውይ ጋሼ! የወጣ ሁሉ ተመልሷል ብዬ እኮ ነው የዘጋሁት። አርባ ደቂቃ መሄጃ፣ አርባ ደቂቃ መመለሻ…»

«አርባ ነው ያለህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ! ጽሑፉ የማን ነው?»

በማግስቱ፣ ሰሌዳው መጀመሪያ ሲጻፍ መንገዱን ለክቶ የነበረውን፣ ሚዳቋ የሚሉትን የፓርክ ጠባቂ ያዘው።

«መውጣቱ ስንት ፈጀብህ?»

«መውጣቱን እንጃ፤ በጓሮ በኩል በመኪና ነው ያደረሱኝ። የለካሁት ስወርድ ነው። ቁርስ ሰዓት ስለነበረ ደግሞ ትንሽ ሮጥ ሮጥ ብያለሁ።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሁሉን በጥሞና አዳመጠ። «ልክ ነህ። ግን አርባው በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ብረቱ የሚተከለው ሰኞ።»

«ከቁጥሩ ሥር ምክር ብጨምርስ?»

«ምክር መጽደቅ አያስፈልገውም» አለ ኃላፊው። «ማን ይሰማዋል ብለህ ነው?»

ሰሚ እንዲያገኝ ታዲያ ምክሩ ሰዓት የማይፈልግ መሆን አለበት። ሁለቱን እጆች ወደ ፀሐይዋ ዘርግተው ጣቶቹን አግድም ቢደራርቡ፣ ፀሐይ አንድ ጣት ለመውረድ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ዘጠና ደቂቃ ስድስት ጣት መሆኑ ነው። ከፀሐይዋ ሥር እስከምትገባበት ኮረብታ ድረስ ስድስት ጣት ያልገባለት ሰው ዛሬ ይቅርበት። ባለ ወፍራም ጣት አብዛኛውን ጊዜ ክንዱም ረጅም ነው፤ ስለዚህ ሂሳቡ ለሁሉም ይሠራል ባይ ነው ሰሌዳ ጻፊው።

ባይ መሆን ግን አርባ ደቂቃን ያመጣ በሽታ ነው። እናም ዛሬ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ዘጠና ደቂቃ ሲቀራት፣ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘውን ሁሉ እጅ ያስዘረጋል። ሹፌሩ ስድስት አገኘ፤ ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ስድስት ተኩል፤ ዘበኛው አራት።

«ክንድህን አትጠፍ! ቀጥ አርገው!» ይለዋል። «በል እንደገና።»