የመጨረሻው ባለጉዳይ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሽማግሌው ልጅ ወደ ኩሽና ጠርቶ የነገረኝ ስለ መድኃኒታቸው ሳይሆን ስለ ቁርሳቸው ነበር። «አባቴ ባለጉዳይ ሳያስተናግድ አይበላም» አለኝ። በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝና አስደገምኩት።

ቤቱ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ታከር ነው፤ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ካሉት ጭር ያሉ መንገዶች በአንዱ ላይ። እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው፤ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ብዙ ዓይነት ሰው አጥቤያለሁ፤ ሚኒስትር አጥቤ ግን አላውቅም ነበር።

ሚኒስትር ስል የዴልሂውን አይደለም። ህንድ ውስጥ እያንዳንዱ ክልል የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ሚኒስትሮች አሉት፤ እሳቸው የአንዱ ክልል የመንገድ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በፊት የገጠር አስተማሪ፣ ቀጥሎ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል። ፓርቲም ቀያይረዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ወንዙ በሌላ በኩል ከሄደ ድልድዩን የት ልትሠሪው ነው?» አሉኝ። በመጨረሻው ምርጫ ያሸነፋቸው፣ ድሮ በየሰልፉ የአበባ ጉንጉን ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይከተል የነበረ ሰው ነው። ስሙን አይጠሩም፤ «ያ አበባ ያዡ» ነው የሚሉት። ከሽንፈቱ በኋላ ሚስታቸው ሞቱና ልጃቸው አትላንታ አመጣቸው።

በሥልጣን ዘመናቸው ገና ጎህ ሲቀድ የቤታቸው በረንዳ በሰው ይሞላ ነበር። የውኃ ጉድጓድ የደረቀበት፣ ልጁ ሥራ ያጣ፣ ጎረቤት መሬቱን የገፋበት። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ይቀመጡና አንድ በአንድ ይሰማሉ። የመጨረሻው ሰው ሳይሸኝ ቁርስ አይቀርብላቸውም። ያገሬው ሰው በዚህ ነበር የሚወዳቸው አለኝ ልጃቸው፣ ራሱም ኮራ ብሎ።

ታከርም መጥተው ያው ናቸው። ነጩን ልብስ አለብሳቸዋለሁ፣ ሳሎን ውስጥ ከበሩ ትይዩ ይቀመጣሉ።

«ውጭ ማን አለ?»

«ማንም የለም ሰር።»

«እንግዲያው እንጠብቅ።»

እንጠብቃለን። ምግቡ ይቀዘቅዛል። ላጎርሳቸው ስሞክር ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ገላቸውን ሳጥብ የጎድን አጥንታቸው እጄን ይቆረቁረኝ ጀመር። ልጃቸው አንድ ቀን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «በዚህ ከቀጠለ ነርሲንግ ሆም ማስገባቴ ነው፤ እዚያ በቱቦም ቢሆን ይመግቡታል» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ደክሞት ነው።

ባሌ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ያንቺው ጭራሽ ተሽሮም አልበላ አለ?»

እኔ ለመሳቅ አልቻልኩም። ከባለሥልጣን ጋር የቆየ ቂም አለኝ። የአባቴ ቤት መንገድ ይወጣበታል ተብሎ ፈረሰ፤ ምትክ ቦታ ይሰጥሃል ተባለ። አባቴ ያንን ምትክ ፍለጋ ደጅ ሲጠና ኖሮ፣ ደጅ ሲጠና ሞተ። ጠዋት ኮቱን ይቆልፋል፣ የጫማውን አፍንጫ በሱሪው ጀርባ ይወለውላል፣ ይሄዳል። ማታ እናቴ «ምን አሉህ?» ስትለው «ነገ ተመለስ አሉኝ» ይላል። እኔ የማውቀው የአባቴ ድምፅ ይኸው ነው። ስለዚህ እኚህን ሰውዬ መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ «እንኳን ሻሩህ» ብያለሁ።

ግን በየቀኑ የሚያጥቡትን ሰው እየጠሉ መኖር ይከብዳል። አንድ ጠዋት «ውጭ ማን አለ?» ሲሉኝ ብስጭት አልኩና «አንዲት ሴት አለች» አልኳቸው። በጋራዡ ወጣሁ፣ ዞሬ የፊቱን በር አንኳኳሁ፣ ራሴው ከፍቼ ገባሁና እጅ ነሳሁ።

«ምን ጉዳይ ነው?» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ።

«ሃይዌዩ ላይ ያለው የትራፊክ መብራት ቶሎ አይለቅም ሰር። ሥራ እያረፈድኩ ተቸገርኩ።»

«ኢንጂነሩን አነጋግረዋለሁ። ሂጂ።»

ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። በጋራዡ ስመለስ «ሌላ አለ?» አሉኝ። የለም ስላቸው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ሩዙንም ምስሩንም ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንዲት ባለጉዳይ ትመጣ ጀመር። የቆሻሻ መኪና ዘሎን አለፈ፤ አውቶቡሱ ቀረ፤ የጎረቤት ውሻ አላስተኛ አለን። ባሌ ኦፍ ሆኖ ሥራ በማይገባበት ቀን ይዤው መጣሁ። ቆቡን አውልቆ «ማናጀሬ የሥራ ሰዓቴን ከት አደረገብኝ ሰር» አላቸው። «ይጣራል» አሉት። ስንመለስ መኪና ውስጥ «ቀልድ ነው ብዬ ነበር እኮ የገባሁት፤ ሰው ሲሰማሽ ግን ቅልል ይላል» አለኝ። ባለጉዳይዋ እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር ወይ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ። ብቻ ፊታቸው ሞላ፤ ልጃቸውም ነርሲንግ ሆም የሚለውን ቃል ተወው።

ብርዱ ሲገባ ግን ጉዳይ አለቀብኝ። አንድ ቀን በሩን አንኳኩቼ ገባሁና የምለው ጠፋኝ። እሳቸው ይጠብቃሉ። አፌ ላይ የመጣው የአባቴ ነገር ነበር።

«ቤት ነበረን ሰር» አልኩ። «መንገድ ይወጣበታል ብለው አፈረሱት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮቱን፣ ጫማውን፣ እናቴን። እያለቀስኩ ነበር የምናገረው። እሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሰሙኝ፤ መብራቱንና ቆሻሻውን እንዲህ አልሰሙም።

«የቤቱን ግምት ማን ገመተው?» አሉ። ነገርኳቸው። «መንገዱስ ወጣ?»

«አልወጣም ሰር። ቦታው ታጥሮ ቀረ።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። አባቴን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ታከር ውስጥ፣ አንድ የተሻሩ የህንድ ሚኒስትር ፊት ቆሜ ምን እንደጠበቅኩ እንጃ። ቤቱ እንደማይመለስ አውቃለሁ። አባቴም አይመለስም። ብቻ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

«ነገ ተመለሺ» አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም። አባት ለልጁ እንደሚናገረው ለስለስ አድርገው ነው ያሉት። ወዲያው «ሌላ አለ?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ሳህኑን ሳቡ። የዚያን ቀን ያህል በልተው አያውቁም። ጨመሩም።

ኩሽና ቆሜ ሲበሉ አየኋቸው። የመጨረሻው ባለጉዳይ ሳይሸኝ አይበሉም፤ እንዴት እንደሚሸኝ ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አባቴን የሸኘው ሰውዬም ያኔ በሩን ዘግቶ ምሳውን በልቷል። ምናልባት እሱንም ሰው ይወደው ነበር። የበሉበትን ሳህን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው አማረኝ። አጠብኩት።

ቤት ስገባ ለባሌ «ከነገ ጀምሮ አልሄድም» አልኩት። እንደፈራሁት አልተቆጣም።

«ምንም ችግር የለም፣ ኤጀንሲው ሌላ ሰው ይልካል» አለኝ። ከዚያ ግን «የምትመጣዋ ጉዳይ ይዛ ትመጣለች?» አለ።

በማግስቱ ሄድኩ። አጠብኳቸው። የጎድን አጥንታቸው አሁን ለስለስ ብሏል፤ ሥጋ የለበሰው በእኔ ውሸት ነው። ነጩን አለበስኳቸው፣ ምግቡን አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«ውጭ ማን አለ?»

የለም ብል ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ ነገም ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ቱቦው ነው። ባለጉዳይዋ የምታቀርበው ሌላ ነገር ደግሞ የለኝም፤ ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ውሻም መብራትም አልመጣልኝም።

«አንዲት ሴት አለች ሰር» አልኩ።

በጋራዡ ወጣሁ። ውጭው ይበርዳል። ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ራሱ አስታወሰኝ መሰለኝ፣ የጫማዬን አፍንጫ በሱሪዬ ጀርባ ወለወልኩ። አንኳኩቼ ገባሁ።

አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው ቀና አሉ። «ምን ጉዳይ ነው?»

«ትናንት ነገ ተመለሺ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።