ሰባት ቁጥር ቤት

ወይዘሮ ገላነሽን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልደፍርም። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ከዚያ አልፎ አያውቅም። የምጽፈው ጎረቤቶቻቸው የነገሩኝን ነው፤ ካጎደልኩ ይቅር ይበሉኝ።

ቤቱ የአባታቸው ነበር። ጣሊያን በወጣ በ1933 ዓ.ም. ከባላቸው ከአቶ እንደሻው ጋር ሲመለሱ፣ ጣሪያው ወርዶ፣ እንጨቱ ለማገዶ ተወስዶ፣ ፍየል ሰፍሮበት አገኙት። ፍየሎቹን አስወጥተው ግድግዳውን ከጎረቤታቸው ከዓብዱላሂ አባት ጋር መልሰው አቆሙት። ግድግዳው ለሁለቱ ቤት አንድ ነበርና ድንጋዩን ተካፍለው ተሸከሙ። በኋላ አቶ እንደሻው ሞቱ፣ የዓብዱላሂም አባት ሞቱ፤ ግድግዳው ግን ቆሞ ቀረ።

በ1958 ዓ.ም. የሰፈር ማሳመሪያ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ። ሰፈሩን ለማሳመር መጀመሪያ ያሰበው አሥራ ሁለት ቤት አፍርሶ መናፈሻ መሥራት ነበር። አንድ ቀያሽ ከአዲስ አበባ መጥቶ በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈና ሄደ። የወይዘሮ ገላነሽ ቤት ሰባት ሆነ።

«ከነስሜ ሃምሳ ዓመት ኖሬ ዛሬ ሰባት ልባል?» አሉ።

አቤቱታ አጻፉ፤ መልስ የለም። ከፋሲካ በኋላ ግን ከዚያው ኮሚቴ ሌላ ወረቀት መጣ። ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣ በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ግድግዳው ኖራ ይቀባ፤ ያልቀባ ይቀጣል ይላል። ወይዘሮ ገላነሽ ሁለት ጊዜ አስነበቡትና ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ዓብዱላሂ ደጅ ሄዱ።

«ኖራ አለህ?»

«ለዒድ ያስቀመጥኩት አለ። ቁጥሩንስ ምን እናድርገው?»

«ወረቀቱ ግድግዳችሁን ቀቡ ነው የሚለው። ቁጥሩን ዝለሉ ይላል?»

ዓብዱላሂ ክሩን ከአፉ አወጣ። «ወላሂ፣ እማማ፣ እርስዎ ያሳስሩኛል።»

«አብረን ነው የምንታሰረው። ግድግዳችን አንድ አይደል?»

በሦስት ቀን አሥራ አንድ ቤት ነጣ። አሥራ ሁለተኛዋ ወይዘሮ በለጡ ግን «የእኔን እንዳትነኩ! የመንግሥት ጽሕፈት አጠፋች ተብዬ አልከሰስም» ብለው በራቸውን ቆልፈው ድሬ ጠያራ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። ሲመለሱ ከሁሉ የነጣው የእሳቸው ግድግዳ ነበር።

እንግዳው መጣ፤ ሄደ። በሳምንቱ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አባይነህ ዶማ ከያዙ ሠራተኞች ጋር ደረሰ። ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው።

«ሰባት ቁጥር የታለ?»

«ከየት ሲቆጠር?» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ደጃቸው ላይ ቆመው።

«ከላይ ነዋ!»

«ከላይ ከሆነ የእኔ ሦስተኛ ነው። ከታች ከሆነ አሥረኛ። ያ ቀያሽ እንዴት እንደቆጠረ እሱን ጠይቀው። ለመሆኑ ወረቀትህ ላይ ስም የለም?»

«ቁጥር ብቻ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ገላነሽ ነኝ። ገላነሽ የሚል ካገኘህ አፍርስ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጌታዬ፣ እዚህ አንዱን ከነካን ሁለት ነው የሚወርደው። የማንን እንንካ?»

አባይነህ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ከጀርባውም ምንም የለም። ቀያሹ ተመልሶ እስኪመጣ ሥራው ይቆይ አለ። ቀያሹ እስከ ዛሬ አልመጣም። የሰፈሩ ሰው ራሱ መንገዱን ድንጋይ አነጠፈ፣ ውኃ መውረጃውን ጠረገ፤ አንድ ቤት ሳይፈርስ ሰፈሩ አማረ።

ያን ቀን ግን አባይነህ ከመሄዱ በፊት በወይዘሮ በለጡ ግድግዳ ፊት ቆሞ ነበር።

«የሌላው ይሁን፤ ትእዛዝ ነው። ወይዘሮ በለጡ ግን አትንኩብኝ ብለው ነበር የሄዱት፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ይህን ማን ቀባው?»

ዓብዱላሂ መሬት መሬት አየ። ወይዘሮ ገላነሽ መጥረጊያቸውን አነሡ።

«እግርህን አንሣልኝ፣ ልጄ፤ ደጄን ልጥረግበት።»