ለደከመችው አብዝቼ ሰጠኋት

ሰመራ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሎጊያ ላይ ሻይ ቤት ያለው የወሎ ሰው ነው፤ መንገድ ለመዝጋት ሰዎች ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው መከሩ ተብሎ ታሠረ። ሁለተኛው ከሰርዶ ወዲያ የሚኖሩ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ላይ የመጀመሪያውን የፍየል በድን ያጋደሙት እሳቸው ነበሩ።

“ግባ፣ አትፈር፤ ሰፊ ቤት ነው” አለኝ የሎጊያው ሰው፣ እግሩን ሰብስቦ።

ደፋር ሰው አይደለሁም። ታሥሮ የወጣ ሁሉ ጀግና ስለሚመስላችሁ አስቀድሜ ልናገር። የመንግሥት መኖ ባለሙያ ነበርኩ። ድርቁ ሊያልቅ ሲል ለአርብቶ አደሩ የእርዳታ መኖ መጣ፤ ሞላሰስ በሚሉት የስኳር አተላ የተለወሰ የበቆሎ ዱቄት። ሳምንት ሳይሞላ ፍየሎች በየበሩ ወደቁ። ሰዉም በድኖቹን ጎትቶ የጅቡቲ መንገድ ላይ ደረደራቸው፤ ከባድ መኪና ሁሉ ቆመ። መርምር ተብዬ ተልኬ የአንዷን ፍየል ሆድ ከፍቼ አየሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በሰው ሁሉ ፊት “መኖው ነው የገደላቸው” አልኩ። ያችው ቃል ሕዝብ ማነሳሳት ተባለች።

ሽማግሌው ድምፄን ለዩት።

“መንገድ ላይ የተናገርከው አንተ ነህ?”

“አዎ አባቴ።”

“መርዙ ምንድነው? ስሙን ንገረኝ።”

መርዝ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ለወራት ደረቅ ቅጠል ብቻ ሲቆረጥም የከረመ ጨጓራ፣ ስታርችና ስኳር ድንገት ሲወርድበት እንደ ሊጥ ይቦካል፤ አሲዱ ደም ውስጥ ይገባል። ለተራበች ፍየል ዱቄቱ በእፍኝ ተጀምሮ፣ ከድርቆሽ ጋር ሆኖ፣ ከቀን ወደ ቀን ነው የሚጨመረው። ይህን ሁሉ አስተማሪ መስዬ ተነተንኩላቸው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

“እኔ ለደከመችው አብዝቼ ሰጠኋት” አሉ። “እኛ ዘንድ የደከመ ቀድሞ ይበላል፤ አብዝቶም ይበላል። ሰውም ቢሆን፣ እንስሳም ቢሆን። መቆም ያቃታትን ደግፌ በእጄ አጎረስኳት።”

“አባቴ...”

“ፍየሎቹ የልጄ ናቸው። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በወተታቸው ነው የምታሳድገው። አደራ ብላ ሰጠችኝ። መርዝ ሰጡን ብያት ነበር። ወላሂ፣ እኔው ነኝ የገደልኳቸው።”

የሎጊያው ሰው ገላመጠኝ፤ “መርዝ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት? ሆ!” አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበልኝ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። አርብቶ አደሩ ስለ አመጋገቡ ሥልጠና ተሰጥቶት ምክሩን ባለመቀበሉ ጉዳቱ ደረሰ ይላል።

“ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።”

“ላስብበት።”

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስብ” አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። መኖው በሚታደልበት ቀን ድርቆሹን የጫነው መኪና አልደረሰም። አለቃዬን ጠጋ ብዬ “ይህን ብቻውን መስጠት አደጋ አለው” ስለው፣ “እንግዶች አሉብን፣ ነገር አታበላሽ” አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ መሰላችሁ? ጆንያ እያነሳሁ አርብቶ አደሮቹን አሸከምኳቸው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ሶላታቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

“አባቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከመታደሉ በፊት አውቅ ነበር። አውቄ ነው ሳልነግራችሁ የሰጠኋችሁ።”

ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

“አፍህ ታሞ ነበር?”

“አልታመመም።”

“የሚተረጉምልህ አጣህ?”

“አላጣሁም። ፈርቼ ነው። እንጀራዬን ፈርቼ።”

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ጨርቃቸውን አስተካክለው “ይህን ለልጄ ትነግራታለህ?” አሉኝ።

“ከወጣሁ እነግራታለሁ።”

“መቼ እንደምትወጣ በምን አውቃለሁ? ጻፈው።”

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመርማሪውን ወረቀት ተቀብዬ የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ ሥልጠና እንዳልተሰጠ፣ አደጋውን አውቄ እንዳልተናገርኩ፣ አርብቶ አደሩ ጥፋት እንደሌለበት ጽፌ ፈረምኩ።

“አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ከሰስክ እኮ!” አለ መርማሪው።

“አውቃለሁ” አልኩት።

እዚያው ሁለት ወር ከረምኩ። ሽማግሌው በአራተኛው ቀን ተፈቱ። ከመውጣታቸው በፊት የሎጊያው ሰው ለምኖ ባገኘው እስክሪብቶ፣ በብስኩት ካርቶን ላይ ያንኑ ቃል ለልጃቸው ጻፍኩላቸው። ማንበብ ባይችሉም ከላይ እስከ ታች አዩት።

“ይቅር አላልኩህም” አሉኝ በሩ ላይ። “ወረቀቱን ግን እወስደዋለሁ።”

አሁን አዋሽ ከተማ መኖ እሸጣለሁ። እንስሳው ከስቶ እንደሆነ ሳልጠይቅ ለማንም አልመዝንም፤ ጨቅጫቃ ይሉኛል። ልጅቷ ካርቶኑን አስነብባው እንደሆነ፣ አባቷንም አምናቸው እንደሆነ ወሬው አልደረሰኝም። በሐሰት አልፈርምም ማለቴን የሰሙ ሰዎች ያመሰግኑኛል፤ ኀፍረቴን አያውቁም። መኖው ይገድላል የሚለውን ያንን ቃል ፍየሎቹ በሕይወት ሳሉ ለሰዉ ተናግሬው ቢሆን፣ አለቃዬ ይቆጣኝ ነበር እንጂ ማንም አያሥረኝም ነበር።