ሽማግሌ የመለሰው ሀፊዝ

የኮምቦልቻው መካኒክ ሀፊዝ የሱፍ፣ ያላመነበትን ነገር ለሰው ደስታ ብሎ ለመናገር አንደበቱ የማይታዘዝለት ሰው ነው። ይህ ጠባይ በመጽሐፍ ሲነበብ ያማረ ነው፤ በጎረቤት መካከል ሲኖሩበት ግን እንደ እሬት የሚመር መሆኑን በእርሱ አይተናል።

ነገሩ የጀመረው የጥር ሰርግ በተቃረበበት ወራት ነው። ሀፊዝም በዚያው ዓመት ለአንድ ልጁ ለአብዱልባሲጥ የሙሄን ልጅ ፊርደውስን ሊያጭለት ተዘጋጅቶ ነበር። ወጣቶቹ ተዋደዋል፤ የልጅቱም አባት ሽማግሌ ቢላክ እንደማይመልስ ሹክ ብሏል።

በደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው በላቸው ባሕር ማዶ ስትነዳ ኖራ የመጣች መኪና ነበረችው፤ በጥር የልጁን ሙሽራ ሊያመጣባት አስቧል። ከንግድ ሲመለስ ደጋን ከተማ አጠገብ የኋላ ጎማዋ ጉድጓድ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራዋ እየተወላገደ ታቃስት ጀመር። ወደ ሀፊዝ ጋራዥ አመጣት።

ሀፊዝ በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ገባ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ተሸክሞ ከአካሏ ጋር በቡሎን የሚያያዘው ወፍራም ብረት ተሰንጥቋል። መኪናዋ በኖረችበት አገር በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናልና፣ ጨው ብረቱን ከውስጥ በልቶት ኖሯል። በመዶሻ ሲነካው ዝገቱ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላጠ፤ በካቻቪቴ ሲጫነው ዘልቆ ገባ።

«ጋሽ በላቸው፣ ይህ አይበየድም» አለው። «ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው። ሙሉው ወርዶ ከተፈታ መኪና ሌላ ይግባለት። ከአዲስ አበባ ላስፈልግ፤ ከሰርጉ በኋላ ይደርሳል።»

«የልጄ ሙሽራ በምን ትሂድ? በአህያ?»

«በሌላ መኪና ትሂድ። ይህች ከደሴ ወደዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ብረቱ ቢላቀቅ ሰው ትፈጃለች።»

«አንተ በይደው፤ የሐረጎን ነገር ለእኔ ተወው።»

«ወላሂ እጄን አላስገባበትም።»

በላቸው ተቀየመ። በወሎ ምድር ከእስላሙም ከክርስቲያኑም የተመረጡ ሽማግሌዎች ደጅ ከቆሙ፣ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም፤ እነርሱን የመለሰ አገርን እንደመለሰ ይቆጠራል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ደም ለማድረቅና የተጣላን ለማስታረቅ ነበር። በላቸው ለዛገ ብረት አዋለው።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎቹ በጋሽ ደምመላሽ መሪነት ከሀፊዝ ደጅ ቆሙ።

«ተቀመጡልኝ አባቶቼ፤ ቤታችሁ ነው» አላቸው።

«እሺ በለንና እንቀመጣለን።»

«ሌላ የፈለጋችሁትን እዘዙኝ። ይህ ግን የበሰበሰ ብረት ነው፤ ሽማግሌ ስለቆመለት አይጠነክርም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። «የስንቱን ገዳይ ልብ አለዝበን ዛሬ ብረት አቃተን?»

ጋሽ ደምመላሽ አልሳቁም። «ሰማችሁት፤ ሽማግሌ የመለሰ፣ ሽማግሌ በፈለገ ዕለት አያግኝ» አሉና ከዘራቸውን አዙረው ወጡ።

መኪናዋን ደሴ ላይ ሌላ ሰው ላሜራ ለጥፎ በየዳት፤ ጥቁር ቀለምም ቀባት። በሰርጉ ቀን አበባ ተደርጎላት ሐረጎን ወረደች፤ ወጣችም። አንዳች አልሆነችም። በሀፊዝ ጋራዥ በር ስታልፍ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ከኋላ የተቀመጡት በመስኮት ብቅ ብለው «ሀፊዝ፣ ና ጎማዋን ቁጠር፤ የጎደለ ካለ» እያሉ አጨበጨቡበት። ኋላ መኪናዋ ለቆላ ሰው ተሸጠች፤ ተሰብራ ይሁን እየሄደች ከእኛ ወገን የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሽማግሌ የመለሰው» ሆኖ ቀረ። ደንበኛም ሸሸው። ይህንስ በቻለው ነበር፤ ያልቻለው ለልጁ የሚላክ ሽማግሌ ማጣቱን ነው። ቤት ለቤት ዞረ። አንዱ እግሬን አሞኛል አለ፤ አንዱ ቤቱ እያለ የለም ተባለለት። ሌላው ፊት ለፊት «እኔንም ትመልሰኛለህ ብዬ ፈራሁ» ብሎ ተሳለቀበት።

በመጨረሻ የሚስቱ የሳሊሃ አጎትና እኔ አረጋዊ ጎረቤቱ ብቻ ሄድን። ሙሄ በክብር ተቀበለን።

«አባቴ፣ የእርስዎ መምጣት ለቤቴ በረከት ነው» አለኝ። «ነገር ግን አገር ፊቱን ያዞረበት ቤት ልጄን እንዴት ልስደድ? ጋሽ ደምመላሽ ከፊት ይምጡ፤ በዚያው ቀን እሺ እላለሁ።»

ሀፊዝ በነጋታው እንደ አጥፊ ወግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ጋሽ ደምመላሽ ግቢ ገባ። ልጁ ከጎኑ ቆመ። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ነበር።

«አፉ በሉኝ፤ አሳፍሬያችኋለሁ» አለ ሀፊዝ።

«ብረቱስ?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ብረቱ ምን?»

«መኪናዋ ሄዳለች አይደል? ይበየድ ነበር፤ በእልኬ ነው እንቢ ያልኩት በል። ነገ ሙሄ ዘንድ እንሄዳለን።»

አብዱልባሲጥ ወደ አባቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። «አባ፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ለእኔ ብለህ።»

ሀፊዝ ድንጋዩን በማጅራቱ ላይ አደላደለ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር።

«እናንተን መመለሴ ጥፋት ነው፤ ጫማችሁን እስማለሁ» አለ። «ብረቱ ግን በስብሶ ነበር።»

«እንግዲያው ድንጋይህን ይዘህ ሂድ» አሉት ጋሽ ደምመላሽ። «ለጎማ ማስደገፊያ ይሆንሃል።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። በሥርዓቱ ድንጋዩን ከተለማኙ ወገን አንዱ ያወርድለት ነበር፤ ማንም አልተነሣም። አብዱልባሲጥም አላወረደለትም። አባቱን እንደጎበጠ ትቶ በሩን ወጣ።

ፊርደውስ ከረመዳን በኋላ ለደጋን ሰው ተዳረች። አብዱልባሲጥ የአባቱን ጋራዥ ትቶ ደሴ ገባ፤ አባቱ ሲደውል ስልክ አያነሣም። ሳሊሃ ከባሏ ጋር በአንድ ማዕድ ትቀመጣለች፤ ቃል ግን አትመልስለትም። እርሱ በየማለዳው ጋራዡን ይከፍታል፤ መሣሪያውን ይወለውላል።

እግዚአብሔር ለሀፊዝ ትከሻውን ያጽናለት፤ የሳሊሃን አንደበት በሰላም ይክፈት፤ የልጃቸውን ልብ ወደ አባቱ ደጅ ይምራ፤ ያንንም ቤት ከሰው አይለየው። አሜን።