እጇን የደበቀችው ተማሪ

ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ጀርባ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት ቅያስ ውስጥ፣ እትዬ ጽጌማርያም የሚባሉ ሴት ይኖራሉ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። ማታ ራት ሲቀርብ በራቸው ላይ ቆመው ሰው ሲጠሩ፣ ያልተጠራውም ጎረቤት "አቤት" ሊል ይቃጣዋል። ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚያ ጥሪ ላይ ነው።

ኤቢሴ ያደሳ ከግምቢ መጥታ የጓሯቸውን ክፍል የተከራየችው መስከረም ማብቂያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዓመቷን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ የሰው ሐኪም እሆናለሁ ስትል የእንስሳት ሐኪም እንድትሆን ተመደበች። ኮሌጁ አስኮ ማዶ ነው፣ ለተማሪ ማደሪያ የለውም። "ዶክተር" እየተባለች የተሸኘች ልጅ አዲስ አበባ ስትደርስ "የላም ሐኪም" ሆና አረፈችው። እሱስ ብዙ አልከፋትም። ከላም ጋር ነው ያደገችው፣ ላም ትወዳለች። የከፋት ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያው ማታ እትዬ ጽጌማርያም "አንቺ ልጅ፣ ነይ ቅመሺ" ብለው ጠሯት።

"በልቻለሁ እትዬ።"

"የበላሽውን እኔ አላየሁም" አሉና ክንዷን ይዘው አስገቧት።

ባለቤታቸው አቶ መኳንንት ዕድሜያቸውን አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ወሬ አያበዙም፤ ካወሩ ግን ነገር አያጡም። ከትሪው ማዶ ሆነው ኤቢሴን አየት አደረጉና "የእንስሳት ሐኪም ልትሆኚ ነው አሉ" አሏት። "እኔን ጉልበቴን ያመኛል። ጭራ ካላወጣሁ አታዪኝም ማለት ነው?" ኤቢሴ ከግምቢ ከወጣች ያን ቀን ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ትሪው ለሁለት ሰው ሰፊ ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሦስተኛዋ እሷ ሆነች። በሯ ላይ "ኤቢሴ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ መጽሐፏን ከድና ትነሳለች። እናቷ በስልክ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው የምትጠይቃት፦ ምን በላሽ፣ ከማን ጋር በላሽ። ያን ሰሞን ለሁለቱም መልስ ነበራት።

ጥቅምት ሲገባ የአናቶሚ ትምህርት ተጀመረ። ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ረጅም የብረት ጠረጴዛ ላይ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የጠጣ አህያ ተጋድሞ ጠበቃቸው። ኤቢሴ አህያ አዲሷ አይደለም፤ እህል ወፍጮ ቤት ሲያመላልስላቸው የኖረው ማን ሆነና። የሞተ አህያ ግን በአገሯ ሰው አይነካም። በገመድ ጎትተው ከሰፈር ያወጡታል፣ የቀረውን ጅብ ያውቅበታል። መምህሩ "ቆዳውን ግፈፉ፣ ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ለዩ" ሲሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌሎቹ ግን እየተሳሳቁ ገቡበት። ራዕይ የምትባል አጠገቧ የቆመች የከተማ ልጅ "ባክሽ አታካብጂ፣ ይለመዳል" ብላ ምላጩን አቀበለቻት። ኤቢሴ ተቀብላ ቆረጠች። ትምህርቱ ገባት፣ እንዲያውም ከብዙዎቹ ቀድማ ጅማቱን ከጡንቻው ለየች። ችግሩ እጇ ነው። ጓንት ብትደርብም ጠረኑ አልፎ ጣቷ ላይ ይቀራል፤ በሳሙና አጠበችው፣ በላርጎ አጠበችው፣ አልለቅ አለ። ራዕይ "ፍርፍር እንብላ" ብላ ስትጋብዛት በዚህ እጅ እንዴት ብላ ትጉረስ? "ጠገብኩ" አለች። በሌላም ቀን "ጠገብኩ" አለች። ራዕይም ጓደኛ የሚቸግራት ልጅ አይደለችም፣ ተወቻት። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው መስኮት ሲከፍት ሙቀቱ ይሆናል አትልም፤ ለእሷ መስኮት የከፈተ ሁሉ እጇ የሸተተው ነው።

ይባስ ብሎ ደግሞ፣ ያ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ዋናው መንገድ ላይ መኪና የገጨው አህያ ሞቶ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በእንጨት ሲነካኩት እትዬ ጽጌማርያም ደረሱባቸው። ከብት እንደሚነዳ ሰው እየነዱ አምጥተው ግቢ ውስጥ በሳሙና ደጋግመው አሳጠቧቸው፣ ያም አልበቃቸው ብሎ ጠበል ረጯቸው። "አህያ የነካ እጅ ወደ እህል አይገባም" አሉ። ኤቢሴ በሯ ላይ ቆማ ይህን እያየች ስቃ ነበር። አሁን ያ ሳቅ በእሷው ላይ ዞረ።

ስለዚህ አናቶሚው በተጀመረበት ቀን ማታ "ኤቢሴ!" ሲባል "በልቻለሁ እትዬ" አለች፤ በሩንም አልከፈተች። እጇን ሹራቧ ውስጥ ከትታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ብስኩት በላች። በማግስቱ ራስ ምታት ሆነ። ከዚያ ፈተና ደረሰ ሆነ። ሰው አንዴ መዋሸት ከጀመረ ውሸት መቼም አያልቅበትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቅምት ሃያ ሰባት ደረሰ። መድኃኔ ዓለም ነው፤ እትዬ ጽጌማርያም በየዓመቱ በዚያ ቀን ዝክር ያወጣሉ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የበጉ ወጥ ቀርቧል። ኤቢሴ ከኮሌጅ ተመልሳ በግቢው ጥግ ጥግ ልታልፍ ስትል እትዬ ጽጌማርያም አዩዋት። እንግዳ ሁሉ በተቀመጠበት "ዛሬስ አለቅሽም፣ ነይ ግቢ" አሏት። ኤቢሴ ፊቷ በላብ ረጠበ። ስትለየው የዋለችው የአህያው የአንገት ጡንቻ ዓይኗ ላይ ነው፣ ጠረኑ ጣቷ ላይ ነው። "አይ፣ እኔ አልበላም እትዬ፣ ይቅርታ" አለችና ሮጥ ብላ ክፍሏ ገባች።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አጸደ ክፋት ሳይኖራቸው "ተያት ጽጌ፣ ልጅቷ ጴንጤ ናት አይደል? እነሱ የዝክር አይበሉም" አሉ። እውነት ነው፣ ኤቢሴ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች። እትዬ ጽጌማርያም አንገታቸውን ደፉ። እስከዛሬ ክንዷን እየጎተትኩ ያበላኋት ሁሉ እየተናነቃት ኖሯል ማለት ነው፣ አሉ በሆዳቸው። አፈሩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ መጥራታቸውን ተዉ።

ኤቢሴ ወይዘሮ አጸደ ያሉትን አልሰማችም። የሰማችው ጥሪው መቅረቱን ነው። ማታ ሲሆን ከዋናው ቤት የትሪው ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ሲቀዳ ይሰማታል፣ ቀጥሎ ስሟ መጠራት ነበረበት። አይጠራም። ሸትቷቸዋል ማለት ነው፣ አህያውን አውቀውታል ማለት ነው፣ አለች። እዚህ ላይ ሁለቱንም ብቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። አንዷ ሃይማኖቷን አከበርኩ ብላ ዝም፣ ሌላዋ ተጸየፉኝ ብላ ዝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ግን ማን ማንን ይቆጣል፤ ሁለቱም በክፋት አልነበረም።

ኅዳር እንዲሁ አለፈ። ኤቢሴ እጇን በበረኪና እስከ ማሸት ደረሰች፤ ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ሎሚ ሲነካው ያንገበግባታል። ግቢ ውስጥ እትዬ ጽጌማርያምን ስታገኝ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣ እሳቸውም "እንደምን ዋልሽ ልጄ" ብለው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሰው በሞላበት ከተማ፣ ሰው በሞላበት ግቢ፣ ሰው ናፈቃት። እናቷ ስትደውል "ሽሮ በላሁ" ትላለች፤ "ከማን ጋር?" ስትባል "ኔትወርኩ ተቆራረጠ" ብላ ትዘጋለች። ዘግታ ታለቅሳለች። አህያውን ለምዳዋለች፤ ብቻዋን መብላቱን ግን አልለመደችውም። ኋላም ቆረጠች፦ ለእረፍት አገሯ ስትገባ ልትመለስ አይደለም። ትምህርቱም ይቅር፣ ዶክተርነቱም ይቅር።

ቤት ተከራይቶ ሳይናገሩ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ዋናው ቤት ሄደች። ጾም ስለሆነ ትሪው ላይ ሽሮና ጎመን ነው ያለው፤ ባልና ሚስቱ ሊጀምሩ ሲሉ ደረሰችባቸው። እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ እንደከተተች በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ክፍሉን ልለቅ ነው። ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን ከትሪው መለሱ። "አስቀየምንሽ?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"የዝክሩ ቀን ሰው ፊት አስጨንቄሻለሁ፣ አውቀዋለሁ። በእምነትሽ የመጣሁብሽ መስሎኝ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያልጠራሁሽ ላላስቸግርሽ ነው፣ ልጄ። ይሄ ግን ሽሮ ነው። የማንም ስም አልተጠራበትም።"

ኤቢሴ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከዝክሩ ቀን ጀምሮ የከበዳት ነገር ያልነበረ ነገር ኖሯል። እንግዲህ እውነቱን ሳትናገር ብትቀር ይቻላት ነበር፤ የዝክር ነገር ነው ብላ ቁጭ ብትል ማንም አይጠይቃትም። ግን መዋሸት ሰልችቷታል።

"የዝክር አይደለም እትዬ። እናቴም ቤት ጎረቤት ሲዘክር እቀምሳለሁ። አህያ ነው።"

"ምን አህያ?"

"ኮሌጅ የምንማርበት። የሞተ። በዚህ እጄ ነው ቆዳውን የምገፍፈው፣ ሥጋውን የምቆርጠው። ልጆቹን ጠበል የረጩዋቸው ቀን አይቻለሁ።" እጇን ከኪሷ አወጣች። የተሰነጣጠቀ፣ የቀላ እጅ ነው።

እትዬ ጽጌማርያም አማተቡ። አማተቡና፣ ሳያውቁት ነው፣ የትሪውን ጠርዝ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ኤቢሴ አየች። "ደህና ይዋሉ" ብላ ዞረች።

አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔስ ሠላሳ ዓመት በግራሶ እጅ ስበላ ኖሬ የለ?"

"ግራሶና አህያ አንድ ነው?" አሉ እትዬ ጽጌማርያም በቁጣ። ቁጣው ግን ለባላቸው አልነበረም። የልጅቷን እጅ እያዩ ነበር፣ በረኪና የበላውን። "አንቺ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው? ነይ ቁጭ በይ።"

"እጄ እኮ እትዬ..."

"እጅሽን ማን ጠየቀሽ? እጅሽ አህያ ነካ እንበል። አፍሽ ምን በደለ?"

ኤቢሴ ተቀመጠች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳጣጠፈች። እትዬ ጽጌማርያም ከትሪው መሐል ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ጉርሻው ትልቅ ነው፣ እንባም ተቀላቅሎበት አልታኘክ አላት። እንደምንም ስትውጠው ሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

"አንድ ያጣላል" አሉ እትዬ ጽጌማርያም። የእሳቸውም ዓይን ደህና አልነበረም።

አቶ መኳንንት ከማዶ ጎመኑን እያነሱ "እኔንስ ማን ያጎርሰኛል? ጭራ ላውጣ እንዴ?" አሉ።

እስክትጠግብ አጎረሷት። ክፍሉን ስለ መልቀቅ ያነሳ የለም፣ እሷም ደግማ አላነሳችም። አሁንም ቢሆን እትዬ ጽጌማርያም አቋማቸውን አልለወጡም፤ አህያ የነካ እጅ ትሪያቸው ውስጥ አይገባም። ኤቢሴም ደስ አይላትም ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንድ ማታ እጇን አጣጥፋ እንደ ሕፃን ስትጎርስ ውስጧ ይከፋል። አናቶሚ በሌለባቸው ቀናት በእጇ ትበላለች፣ ባለባቸው ቀናት በእሳቸው እጅ ትበላለች። ጥሪው ግን አይቀርም፣ ጎረቤቱም "አቤት" ሊል ይቃጣዋል።

የዚያን ቅዳሜ ማታ እናቷ ደወለች።

"ምን በላሽ?"

"ሽሮ።"

"ከማን ጋር?"

ኤቢሴ ኔትወርኩን አላማረረችም። "ከሰው ጋር፣ እማ" አለች። "ከሰው ጋር በላሁ።"